ሳንጣላ ተቃቃርን

ከእህቴ ጋር ተጣልተን አናውቅም። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ደስ ይለዋል። ደስ የሚል ነገር ግን የለበትም። የተጣላ ሰው ይሰዳደባል፣ ይካሰሳል፣ ሽማግሌ ይገባለታል፣ በዳዩ ይክሳል፣ መጨረሻ ላይ ከአንድ ትሪ ይበላል። እኛ ስድቡም ክሱም አልነበረንም። በየዒዱ እንደዋወል ነበር።

«እንደምን አለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ የምንለው ይጠፋንና ኔትወርኩ የተቋረጠ ይመስል «ሃሎ? ሃሎ?» እንባባላለን። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ሥራዬ የቤት ሾፌርነት ነው። አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ ውስጥ በአንድ ቪላ ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን፣ አልጋና ኤሲ ብቻ የምትይዝ ክፍል አለችኝ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ማዳምን የምትሄድበት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ልጆቹን እመልሳለሁ። እህቴ አል ዐይን ነበረች፤ አል ቃጣራ በሚባል ሰፈር፣ ከተምር ዛፎቹ አጠገብ ባለ ቤት፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ለዩኒቨርሲቲ አድርሳለች። ታላቄ ናት፣ እታለም ነው የምላት። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። እሷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እሷን ለመሸኘት ብቻ ነው፤ ከበሩ እመለስ ነበር።

ድሮ ስትደውልልኝ ሰላምታ አታውቅም። «አንተ ቀልቃላ፣ በላህ?» ነው መጀመሪያዋ። ፀጉሬ አድጎ በቪዲዮ ካየችኝ «ይሄን ጎፈሬ ለማን ነው ያሳደግኸው፣ ማዳምህን ልታስደነግጥ ነው?» ትለኛለች። አንዴ በአውቶቡስ ልትጠይቀኝ መጥታ ሸሚዜ ብብቱ ላይ ተቀዶ አየች። እዚያው ጣቢያው ላይ አስወለቀችኝ።

«እታለም፣ ሰው ያያል!»

«ይይ! ቅዳጁን ሲያይ የዋለ ሰው ገላህን ቢያይ ምን ይቀርበታል?»

መርፌና ክር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የፓኪስታን ሽማግሌዎች እየሳቁብኝ፣ ሰፍታ አለበሰችኝ። አመሰግናለሁ አላልኳትም። በቤታችን እህትና ወንድም አይመሰጋገኑም። ውሃ ያቀበለ ሰው ውሃ አቀበለ፣ አለቀ። አመሰግናለሁ የሚባለው ለእንግዳ ነው።

ከአንድ ቀበሌ የመጣን ሰዎች በስልክ ግሩፕ አለን፤ አቡ ዳቢም፣ አል ዐይንም፣ ዱባይም ያለን። ከመካከላችን የማናነብ ስለነበርን ወሬው ሁሉ በድምፅ ነበር። አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች «እንባዬን አትታዘቡ» ብላ የሠርግ ወሬ ታወራለች፤ ሌላው ከዕቃ ማውረጃ መኪና ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ ሦስተኛዋ ጀምራ «ማዳም መጣች» ትልና ይቆረጣል። እኔ ክፍሌ ገብቼ ሁሉንም በተራ እሰማለሁ። አገሬ ያ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ድምፁ ቆመ።

ግሩፑ ዝም አለ ማለቴ አይደለም። ስልኬ እንደ ጉድ ይንጫጫል፤ ስከፍተው ግን ፊደል ነው። ፊደል በፊደል ላይ። በመካከሉ ለዱዓ የተዘረጉ ሁለት እጆች ምልክት አለ፣ እንደገና ፊደል። መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት። ከዚያ ገባኝ። እዚያ ግሩፕ ውስጥ እኔ እንደማላነብ የማያውቅ የለም። ሁሉም ባንዴ መጻፍ ከጀመረ ከማያነብ ሰው ሊደብቅ ነው። የማናነበው ደግሞ ሦስት ነን፣ የሁለቱ ወላጆች ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከወላጅ የቀረኝ ደግሞ አባዬ ነው።

አገር ቤት ደወልኩ። የአባዬ ስልክ ዝግ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ አነሳ።

«አባዬስ?»

«ደህና ነው፣ ተኝቷል።»

አባዬ በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም። ከወንድሜ ኋላ ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ፣ አግዳሚ ወንበር መሬት ላይ ሲጎተት ይሰማኛል። ስልኩን ዘጋሁት። እታለም ጋ ደወልኩ።

«አባዬን አግኝተሽዋል?»

«ትናንት አውርቼዋለሁ፤ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «አንተ ቀልቃላ፣ በላህ?» አለችኝ ቀጥላ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው።

«በላሁ» አልኳት።

ይህን ነገር የማያውቅ ሰው እህቴን ጨካኝ ይላታል። ጨካኝ አይደለችም። የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ መርዶ አይሰማም። በሰው ተከቦ፣ ማለዳ፣ ራሱን ሲጥል የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ኖሮ ነው። ደግነት ነው፣ አልክድም። ግን ማለዳ እዚህ አገር የማዳም ነው፤ የኛ አይደለም። ቁርስና የትምህርት ቤት ቦርሳ አለበት። ስለዚህ እሷም እኔም ባንድ ላይ የምናርፍበት ቀን ይፈለግ ተባለና የአባቴ መርዶ ለእሑድ ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ አባቴ የሞተብኝን እኔን፣ አባቱ እንዳልሞተበት ሰው አድርገው አቆዩኝ። እኔም ነዳሁ። ልጆቹ ከመኪና ሲወርዱ አለቅሳለሁ፣ ሲመለሱ እነዳለሁ።

እሑድ «ዱዓ አለ፣ አል ዐይን ና» ተባልኩ። ያንድ ያገራችን ሰው ቤት ነው፣ ፎቅ ላይ። ስገባ ወንዶቹ ባንድ ወገን፣ ሴቶቹ ባንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ እታለም መሬት ላይ ናት። ካጠገቤ ጠንካራ ጠንካራ ሰው መርጠው አስቀምጠዋል። ሸኽዬ የምንላቸው፣ በመስጊድ ሳይሆን በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ያረጁ ሰውዬ፣ ጎልማሶቹን «ኤሲውን ከፍ አድርጉት» አሏቸው። ለቅሶው ወደ ጎረቤት እንዳይሰማና ዘበኛው እንዳይመጣ ነው። ኤሲው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደሱም...»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ።»

አንዲት ሴት ለጩኸት አፏን ከፍታ ነበር፣ እንደተከፈተ ቀረ። ሁሉም ወደ እህቴ ዞረ። እኔም ዞርኩ።

«ደህና ነው አላልሽኝም?»

«ብቻህን ነበርክ» አለች። «ብቻህን ሆነህ እንዴት ልንገርህ?»

«ብቻዬን ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።»

አልጮኽኩም። አንድም ሰው አላለቀሰም፤ ሀዘንተኛው ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ ማን ያለቅሳል? ንፍሮው ቀረበ፣ ያገር ሽማግሌ እንደሚያደርገው ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሰዓቱ እየደረሰበት ተበተነ። እረፍታቸውን ለኔ ብለው የሰጡ ሰዎች ናቸው። በሩ ላይ ጫማ ሲያጠልቁ አንዱ ለሌላው «ምን ዓይነት ልብ ነው?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

እታለም እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። የመንገድ ምግብ በፌስታል ይዛልኛለች። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ እጇን እንኳ ሳትዘረጋ፣ «ስለመጣህ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመሰጋገንን።

ፊደል የቆጠርኩት በእልህ ነው። ሁለተኛ ማንም በፊደል እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው። ያስተማረችኝ እዚያው ቤት የምትሠራ ሞግዚት ናት፤ የጎንደር ሴት፣ ክርስቲያን፣ ምላሷ የማያርፍ። ልጆቹን ለመመለስ ሁልጊዜ ቀድመን እንሄዳለን፤ ዘግይተን ማዳም ከምትቆጣን ብለን። እስኪለቀቁ ኤሲ ከፍተን መኪና ውስጥ እንቀመጣለን። ማስተማሪያዋ የሶፍት ካርቶን ጀርባ ነው። «ጢም ያለው አንደኛ ክፍል» ትለኛለች። ስሳሳት በእርሳሱ ጫፍ እጄን ትወጋኛለች። ስልኬ በዚያ መካከል ወድቆ ስለተሰበረ የዚያን ማክሰኞ ጽሑፍ አንብቤው አላውቅም፤ ባነበውም የማገኘው ነገር የለም።

አንድ ቀን ከእታለም ጋር በስልክ ስናወራ ሰማችን። ዒድ ነበር፤ ልጆቹን ዘመድ ቤት አድርሰን መኪና ውስጥ እንጠብቃለን። ስጨርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ከእህትህ ጋር ነው እንደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምታወራው?»

«ምን አለበት?»

«ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«እንግዲያው ኩርፊያ ነው።»

«ኩርፊያ የልጅ ነው። ያኮረፈ ሰው ይለመናል። እኔ እንዲለምኑኝ አልፈልግም።»

«ቅያሜ በለኛ!»

«ቅያሜ ያንድ ሰው ነው፣ ሌላው ላያውቅም ይችላል። ይሄንን ሁለታችንም እናውቃለን።»

እርሳሷን መልሳ አንስታ ካርቶኑ ላይ ጻፈች። «አንብብ።»

«መ... መቃ... መቃቃር።»

«እሱ ነው በሽታችሁ። ዓረፍተ ነገር ሥራበት።»

«አንቺ ሥሪበት።»

«‹ሾፌሩና ሞግዚቷ ተቃቃሩ፤ ሾፌሩ የቤት ሥራውን አልሠራማ።›»

ሳቅኩ። ቃሉን ድሮም እሰማው ነበር። በልጅነቴ «የነእንትናና የነእንትና ቤት ተቃቅሯል» ሲባል ይገባኝ ነበር፤ ሰላም ይባባላሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ ግን እሳት አይጫጫሩም፣ ልጆቻቸው አንዱ ካንዱ ቤት ውሃ አይጠጡም። የሚባለው ለጎረቤት ነበር፣ ለአማት ነበር። ከአንድ ሆድ ለወጣ ሰው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ ብዙ አሰብኩበት፤ ሾፌር የሚያስብበት ጊዜ አያጣም። የተማረ ሰው ይሄን ነገር አለመግባባት ይለዋል። ውሸት ነው። እኔና እታለም በደንብ ተግባብተናል። እኔ ለምን እንደዋሸችኝ ይገባኛል፣ እሷም ለምን እንዳመመኝ ይገባታል። መግባባት ቢፈውስ ኖሮ ድሮ ተፈውሰን ነበር። ጠብ ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል፣ ይበርዳል። መቃቃር ከመጀመሪያውም ቀዝቃዛ ነው፤ ምኑን ትጠብቃለህ? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጨዋ ነገር መሆኑ ነው። አትሰድበኝም፣ አልሰድባትም። ሸሚዜ ቢቀደድ አትናገረኝም።

ሸኽዬ ሊያስታርቁን ሞክረዋል። አንድ ሰደቃ ላይ ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀመጡን።

«ተጣልታችኋል?»

«ኧረ አልተጣላንም ሸኽዬ» አለች።

«አልተጣላንም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድነው?»

ተያየን። ምን እንበላቸው? «እንግዲህ ለማንኛውም አፉ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ ሲቸግራቸው። «አፉ በይኝ» አልኳት፣ «አፉ በለኝ» አለችኝ። ሰው «አልሐምዱሊላህ» አለ። እሷ ምግብ ስታቀብለኝ «አመሰግናለሁ» አልኳት። ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላን ነው። እምቢ ያለ ሰው ይለመናል፣ እሺ እሺ የሚልን ሰው ምን ያደርጉታል?

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። በቅርቡ እታለም ጻፈችልኝ፤ አሁን ስለማነብ ነው። ያሳደገቻቸው ልጆች ደርሰዋል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ አይታደስም፣ ጠቅልላ አገር ልትገባ ነው። «ካልተቸገርክ ኤርፖርት ብታደርሰኝ» ይላል። ካልተቸገርክ! ማዳምን መኪናውን ለመንኳት። «እህትህ አይደለች? ሂድ፣ ኸላስ» አለችኝ።

አል ቃጣራ ስደርስ በሩ ላይ ሻንጣዎቿን አስቀምጣ ቆማለች። አርጅታለች። የቤቱ ልጆች አቅፈዋት እያለቀሱ ነው፤ እሷ ታጽናናቸዋለች። ሻንጣዎቹን ጫንኩ። «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ይህ የመጨረሻችን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እሷ አትመለስም፣ እኔ መቼ እንደምገባ አላውቅም። ከአል ዐይን እስከ ኤርፖርቱ ያለው መንገድ ነው የቀረን። እሱን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ፣ የዚያን ቀን ግን አጠረብኝ። ከተማውን ስንወጣ ስለ ኪሎ አወራን፤ ሻንጣዋ ያልፍ እንደሆነ፣ አያልፍ እንደሆነ። ስለ ሙቀቱ አወራን። ተምር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

«አሁን ታነባለህ አሉ።»

«አነባለሁ።»

«ጎበዝ» አለች፣ የባዕድ ልጅ እንደሚመርቅ ሰው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አሸዋው ላይ ምንም የሚታይ የለም። ፊቷን ሳትመልስ፣ «ያን ቀን ለኔ ስትል እንኳ አንዲት እንባ ትጠፋሃለች?» አለችኝ።

መሪውን ጨበጥኩ። «አልቅሼ ነው የመጣሁት። እዚሁ መቀመጫ ላይ ነው ያለቀስኩት፣ ብቻዬን።»

«እኔ አላለቀስኩም።»

«ምን?»

«አላለቀስኩም ነው የምልህ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስተኩስ፣ ሳጥብ፣ ያዝኩት። እሱ ሳይሰማ እኔ እንዴት ቀድሜ አለቅሳለሁ አልኩ። አንድ ላይ እናወጣዋለን ብዬ ስጠብቅህ ነበር። አንተ ደርቀህ መጣህ። እኔም ደረቅኩ። እስከ ዛሬ ደርቄያለሁ።»

ጥፋቱ የኔ ነው አልልም፣ ዛሬም አልልም። ግን ያን ሳምንት አንዳችን ለሌላችን ብለን የያዝነው ነገር ነበር፤ እሷ እንባዋን፣ እኔ ማወቄን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መቼ? በዒድ?»

የአል ፈላሕ ቤቶች በግራ በኩል ታዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ የለም። መኪናውን ዳር ላስይዘው አሰብኩ። ዳር አስይዤ ምን እላለሁ? አሁን እናልቅስ ይባላል? በሰዓቱ ያላለቀሱትን ለቅሶ ሰው በቀጠሮ ያለቅሰዋል? እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፣ ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባውን ነፋብኝ፣ መልሼ ረገጥኩ።

ኤርፖርቱ በር ላይ መቆም አይቻልም፤ ጥበቃው «የላ፣ የላ» እያለ በእጁ ይገፋናል። ወርጄ ትልቁን ሻንጣ ከኋላ መዝዤ አስፋልቱ ላይ ጣልኩት።

«ኧረ ቀስ! የጤፍ ጆንያ መሰለህ እንዴ? ጎማው ተሰበረ እኮ! አሁንም ያው ነህ፣ አሁንም ያው!»

ቀና ብዬ አየኋት። ስንት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ቁጣ ነው። የሆነ ነገር ልላት አፌን ስከፍት ጥበቃው የመኪናውን ጣሪያ ደበደበው። እታለም የሻንጣውን እጀታ ያዘች፣ ትከሻዬን በሦስት ጣቷ ነካ አደረገችኝና ገባች። አመሰግናለሁ አላለችኝም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ቆመናል። ሞግዚቷ ካርቶኗን እንኳ አላወጣችም።

«ሸኘሃት?»

«ሸኘኋት።»

«ታረቃችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ኤጭ!» አለችና ልጆቹን ልትቀበል ወደ በሩ ሄደች።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከአገር ቤት ደወለ። «እታለም ደርሳለች፣ በሰላም ገብታለች» አለኝ። ከኋላው ጩኸት ይሰማል። አንድ ሰው አይደለም፣ ግቢ ሙሉ ሰው ነው። ወላጅ ሲሞት በሩቅ የነበረ ሰው የመጣ ቀን ለቅሶው ከእንደገና ይነሳል፤ ከደጅ ይቀበሉታል። ከሁሉም ድምፅ በላይ አንድ ድምፅ አለ፤ «አባዬ፣ አባዬ» የሚል። አወቅሁት።

«ምንድነው የምሰማው?» አልኩት።

«ምንም። ደስታ ነው።»

«ደስታ ነው?»

«ናፍቆት ነው፣ ሰላምታ ነው ያው። አንተ አታስብ። በላህ?»

«ስልኩን ወደሷ አቅርብልኝ።»

«ምን?»

«አጠገቧ አድርግልኝ። ምንም አልልም፣ ልስማ።»

«በኋላ ራሷ ትደውልልሃለች» አለና ዘጋው። ብቻዬን መሆኔን ያውቃላ።

ልጆቹ እስኪወጡ ትንሽ ጊዜ ነበረ። ሌሎቹ ሾፌሮች ከመኪናቸው ወርደው ጥላ ሥር ቆመው ያወራሉ። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።